ነፋስ ሲነሣ የሚያድን ዓሣ

በአሜሪካዋ ነብራስካ ግዛት፣ ከኦጋላላ ከተማ አጠገብ፣ ማኮናሂ የተባለ ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። በፈረንጆቹ 1941 የተጠናቀቀው የኪንግስሊ ግድብ የሰሜን ፕላትን ወንዝ አግቶ የፈጠረው ነው፤ ሲሞላ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አካባቢው ገላጣ ስለሆነ ነፋሱን የሚገታው የለም። ለአገሩ እንግዳ የሆነ አስጋሪ ውኃው ጸጥ ያለበትን፣ ፀሐይ የደመቀችበትን ቀን ይመርጥ ይሆናል። ዎልአይ የተባለውን ዓሣ ለሚፈልግ ግን ከዚያ የባሰ ቀን የለም።

ምክንያቱ የዓሣው ዓይን ነው። ከብርሃን ተቀባይ ሕዋሳቱ ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ንጣፍ አለ። ሕዋሳቱ ሳይዙት ያለፈው ብርሃን እዚያ ነጥሮ ሲመለስ ዳግመኛ ይይዙታል። ሌሊት በመኪና መብራት ፊት የጅብን ዓይን የሚያበራውም እንዲህ ያለ ንጣፍ ነው። ስለዚህ ዎልአይ ጎሕ ሲቀድ፣ ሲመሽ፣ ውኃው ሲደፈርስ አጥርቶ ያያል። ከሚበላቸው ዓሦች አንዱ የሆነው ቢጫው ፐርች ግን ብርሃን ሲደክም ዓይኑም አብሮ ይደክማል። ዎልአይ የሚያድነው ይህን ብልጫ ይዞ ነው።

ነፋስ ይህን ድንግዝግዝ በቀትርም ያመጣዋል። የሐይቁ ፊት ሲናወጥ ወደ ታች የሚዘልቀው ብርሃን ይቀንሳል። ሞገዱ ዳርቻውን እየመታ ደለል ስለሚያነሣ፣ ደፍራሹና የጠራው ውኃ በመስመር የተለዩ ያህል ሆነው ይታያሉ። ነፋሱ የገፋውን ፕላንክተን ተከትለው ትንንሽ ዓሦች ወደዚያ ዳርቻ ይመጣሉ፤ ዎልአይ ደግሞ እነሱን ተከትሎ። ልምድ ያለው አስጋሪ እርሳስ ባለው መንጠቆ ላይ ትል ወይም አልቅት ሰክቶ፣ ወለሉን እያስነካ ቀስ ብሎ በመስመሩ ዳር ይጎትታል። ንክሻው ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው፤ ክሩ በድንገት የከበደ ብቻ ይመስላል። ነፋሱ ሲበረታ ግን ከጀልባ ወርዶ ከዳር ማጥመድ ይሻላል፤ የሜዳ ሐይቅ ማዕበል ሳይታሰብ ይነሣል፣ ሰውም ይበላል።

ግድቡ ራሱም ለዓሣው ውለታ ውሏል። በረዶው በቀለጠ ሰሞን፣ ውኃው ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ፣ ሴቷ በሌሊት ወደ ዳር ወጥታ ዕንቁላሏን ድንጋይ ላይ ትበትናለች። ጎጆ አትሠራም፤ ዕንቁላሏንም አትጠብቅም። ጭቃ ላይ የወደቀ ዕንቁላል ታፍኖ ይሞታል፤ በድንጋዮች መካከል የገባው ግን ሞገዱ ከሚያመላልሰው ውኃ ኦክስጅን ያገኛል። አሸዋ በበዛበት በማኮናሂ ዎልአዮቹ ግድቡን ከማዕበል ለመከላከል በተደረደረው ድንጋይ ላይ ይሰበሰባሉ። የግዛቲቱ የዓሣ ሀብት ባለሙያዎችም በሌሊት መረብ የሚዘረጉት እዚያው ነው፤ ዕንቁላሉን ወስደው ያስፈለፍሉና ጫጩቶቹን በሌሎች ሐይቆች ይለቃሉ።