ካሮቱና ኪኒኑ

አትክልት አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የሚያዙት ከሌላው ያነሰ እንደሆነ ብዙ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተው ነበር። ደማቸው ሲመረመርም ቤታ ካሮቲን በርከት ብሎ ተገኘ። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ቀለም ይህ ነው፤ በጎመንም ውስጥ ሞልቷል፣ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው እንጂ። ታዲያ ጥቅሙ ከቀለሙ ከሆነ፣ ሰውን ጎመን ብላ እያሉ ከመጨቅጨቅ ቀለሙን በኪኒን መስጠት አይቀልም?

ፊንላንድ ሞከረችው። ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 የሆኑ 29,133 አጫሽ ወንዶች በዕጣ ተመደቡ፤ ገሚሶቹ በየቀኑ 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን ዋጡ። (ቫይታሚን ኢም አብሮ ተሞክሯል፤ እሱን ልለፈው።) ውጤቱ በ1994 ሲወጣ ተመራማሪዎቹን ራሳቸውን አስደነገጠ፦ ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ ከቫይታሚን ኤ ጋር ተዳብሎ ለአጫሾችና ለአስቤስቶስ ሠራተኞች የተሰጠበት ሙከራም በ1996 መጀመሪያ ጊዜው ሳይደርስ ተቋረጠ። እዚያ ጭማሪው 28 በመቶ ነበር።

ታዲያ የቀደሙት ጥናቶች እንዴት አሳሳቱን? አትክልት ወዳዱ ብዙውን ጊዜ ሲጋራ የማያበዛ፣ ሰውነቱንም የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው፤ ስለዚህ ለጎመኑ ከሰጠነው ምስጋና ከፊሉ የጎመኑ አልነበረም። ይህ ማለት ግን ጎመኑ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ጎመን ቀለሙን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ፎሌትና ቫይታሚን ሲ አለው፣ በሳህኑ ላይም የሌላ ምግብ ቦታ ይይዛል። ከሁሉም በላይ እኔን የሚገርመኝ አሰሩ ነው። አሰርን እኛ መፍጨት አንችልም፤ በትልቁ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎች ግን ያብላሉታል፣ ከዚያ የሚወጣውም ንጥረ ነገር የአንጀትን ግድግዳ ሕዋሳት ይመግባል። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ በአሰር የታወቁ ናቸው። በጾም ቀን ግን ሽሮውን ትተው በነጭ ዳቦና በተጠበሰ ድንች የሚውሉ አሉ፤ ያም ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምግብ ነው፣ አሰሩ ግን ትንሽ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው የቫይታሚን ብልቃጥ ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው። ተቀባዩ አጫሽ ከሆነ ብልቃጡ ላይ ቤታ ካሮቲን የሚል መኖሩን ያንብብ። በጤና ጣቢያ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የጎደለውን ለመሙላት የሚሰጥ ስለሆነ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ልጁን የሚያስቀር ወላጅ እንዳይኖር።