እህሉ ወደብ ደርሷል፤ ሰው ጋ ግን አልደረሰም

በኦክቶበር 2023 ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ እዚሁ አሽቀሎን ለአረጋውያን የምግብ ካርቶን ከሚያድሉ ወጣቶች ጋር ስዞር ዋልኩ። ካርቶን ሞልቷል። ከሰሜንም ከመሐል አገርም ሕዝቡ ያለውን ስለላከ ዕቃው የተራገፈበት አዳራሽ እስከ በሩ ድረስ ተጨናንቆ ነበር። የቸገረው ማድረሱ ነው። የተሰጠን የስም ዝርዝር በፊደል ተራ የተጻፈ እንጂ በመንገድና በሕንፃ የተደለደለ ስላልነበረ፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ስንመላለስ ቀኑ አለቀ። አዛካው በጮኸ ቁጥር ከመኪና ወርደን ግድግዳ ሥር እንጠጋለን። ማታ ሲቆጠር ሁለት ካርቶን የደረሰው ቤት ተገኘ። ከፊት ለፊቱ፣ አሳንሰርም ማማድም በሌለው አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ግን ምንም አልደረሳቸውም። ለካስ ስልክ ተደውሎላቸው ነበር። የደወለው ሰው በዕብራይስጥ ስለተናገረ አልገባቸውምና ዘጉት። «አይፈልጉም» ተብሎ ስማቸው ተሰረዘ።

ይህን የማነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ወጣቶቹ እንቅልፍ አጥተው የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ነገር ግን በአደጋ ጊዜ ዕርዳታን ከምንጩ አንሥቶ እስከ ተረጂው እጅ ማድረስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ዕብራይስጡ ሎጊስቲካ ይለዋል፤ ትምህርት ቤት ተገብቶ ይማሩታል።

የእኛ ሰው ግን ነገሩን ከመጽሐፍ በፊት በሕይወቱ አይቶታል። በ1984 በኢትዮጵያ ረሃብ በጸና ጊዜ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ዓለምን ያስጠነቀቀው በማርች ወር ነበር። የኮረም መጠለያ ሥዕል በቴሌቪዥን ታይቶ ዓለም የደነገጠው ግን በኦክቶበር መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ እህሉ መጣ። መጥቶም አሰብ ወደብ ላይ ተከመረ። መኪና አልነበረም። ከአሰብ ተነሥቶ በሚሌ በኩል ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ወልድያ፣ አላማጣ፣ ከአላማጣም ያንን የኮረም ዳገት መውጣት አለ። በዚያ ላይ ጦርነት። የእንግሊዝና የሌሎች አገሮች ሄርኩሊስ አውሮፕላኖች እህል ከአየር እስከ መጣል የደረሱት ለዚህ ነው፤ አንዱ አውሮፕላን ግን ቢጭን ቢጭን ከ20 ቶን ብዙ አያልፍም።

ሒሳቡን አንባቢ ራሱ ይሥራው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ቢታሰብ፣ 10,000 ሰው ላለበት መጠለያ 150 ቶን ያስፈልጋል። ይህም ባለ 50 ኪሎ 3,000 ጆንያ ነው። 20 ቶን የሚጭን መኪና ስምንት ጊዜ ይመላለሳል፤ መንገዱ ከ5 ቶን በላይ የማያስኬድ ከሆነ ደግሞ ሠላሳ ጊዜ። ይህ እንግዲህ ነዳጁ፣ ጎማው፣ የሹፌሩም እንቅልፍ ሳይቆጠር ነው። ውሃው ከዚህ ይብሳል። ዛሬ በዓለም አቀፍ የዕርዳታ ሠራተኞች ዘንድ ዝቅተኛው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው፤ ለዚያው መጠለያ በየቀኑ 150,000 ሊትር ማለት ነው። በ1984 ሱዳን ውስጥ በኡም ራኩባ ወገኖቻችንን የጨረሰው ረሃብ ብቻ አልነበረም። ሰው በቦታው ላይ ከውሃውና ከመድኃኒቱ ቀድሞ ደረሰ፤ በሽታም ተከተለ።

በሌላ በኩል ደግሞ ዘመቻ ሰሎሞን አለ። በሜይ 1991 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከ30 በሚበልጡ አውሮፕላኖች ከአዲስ አበባ ወጣ። ስለ ተአምሩ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መዝገቡ ግን የሚያወራ ጥቂት ነው። ሕዝቡ ወራት ሙሉ በአዲስ አበባ ሲረዳ፣ ልጆቹም ሲማሩ፣ ስሙ በየቤተሰቡ ተመዝግቦ ነበር። በዚያ ቀን ግንባራችን ላይ የተለጠፈችው ቁጥር ብዙዎቻችንን እስከ ዛሬ ታሳፍረናለች። እንደ ዕቃ ተቆጠርን የሚሉ አሉ፤ እውነትም አላቸው። ያም ሆኖ እናትና ልጅ በተለያየ አውሮፕላን እንዳይለያዩ የረዳችውም ያቺው ቁጥር ናት። ወንበራቸው የተነቀለላቸው አውሮፕላኖች ስንት ሰው እንደሚይዙ ማስላትም የዚሁ ሙያ ሥራ ነው።

ብዛት ብቻውን እንደማይረዳ በዲሴምበር 1988 አርመንያ በመሬት መንቀጥቀጥ በፈረሰች ጊዜ ታይቷል። በሺህ የሚቆጠር ቶን መድኃኒት ቢላክም ብዙው በጊዜው አልተሠራበትም። ስሙ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፈ፣ ጊዜው ያለፈበት፣ ያልተለየም ነበርና ካርቶን መለየቱ ራሱ ብዙ ጉልበትና ጊዜ ፈጀ።

አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ከልጆቻችን ብዙዎቹ በሠራዊቱ ውስጥ በሹፌርነትና በዕቃ ግምጃ ቤት አገልግለው ሲወጡ ቤተሰብ እንደ ዝቅተኛ ሥራ ያየዋል፤ ልጁም አፍሮ አያወራውም። ጭነት መደልደል፣ ዕቃ ቆጥሮ መረከብ፣ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ማውጣት የሚያውቅ ልጅ ግን የዚህን ትምህርት ግማሽ ይዞ ነው የወጣው። የቀረውን በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ስለ አደጋ ጊዜ አመራር በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ያስተምራሉ። እዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል። ለጀማሪ በኮምፒውተር ያለ ክፍያ የሚሰጡ አጫጭር ትምህርቶችም አሉ፤ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ መሆናቸው ነው ችግሩ።

ወደ አሽቀሎን ልመለስ። ከዚያ ምሽት በኋላ ከወጣቶቹ አንዷ፣ በሠራዊት ግምጃ ቤት ያገለገለች ልጅ፣ ዝርዝሩን በደብተር እንደገና ጻፈችው። በመንገድ፣ በሕንፃ፣ በፎቅ ደለደለችው። ከእያንዳንዱ ስም ጎንም ቋንቋውን፣ ማማድ መኖሩን፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ እንደሆነ፣ ደረጃ መውረድ መቻሉን ጨመረች። በማግስቱ ከቀትር በፊት ጨረስን። የአራተኛ ፎቋ እናት በር ላይ ስንደርስ በአማርኛ አንኳኳን፤ ከፈቱልን። ከካርቶኑ ውስጥ ሩዙንና ዘይቱን ወስደው የቆርቆሮ ዓሣውን መለሱልን፤ ለሚበላው ስጡት ብለው። ልጅቷ ይህንንም ጻፈችው።