ነርሷ፣ ደላላውና የ13 ሳምንቱ ውል

በእኛ ከተማ በደላላ እጅ የማያልፍ ነገር ጥቂት ነው። ቤቱም፣ መኪናውም፣ ሰሊጡም ገዢውን የሚያገኘው በደላላ ነው። አሜሪካኖች ግን እኛ ገና ያልደረስንበትን አንድ ሸቀጥ በደላላ መገበያየት ከጀመሩ ከ40 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ የነርስ የሥራ ሰዓት። የዚህ ሸቀጥ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻና በ2022 መጀመሪያ ሰማይ ነክቶ፣ በሳምንት 5 ሺህ ዶላርና ከዚያም በላይ የሚል ማስታወቂያ በየቦታው ይታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገበያው ተንሸራቷል። ተንሸራቶም ዋጋው ሲወጣ የተገባውን የቤትና የብድር ግዴታ ከነሙሉ ክብደቱ ትቶት ሄዷል።

ይህ ጉዳይ የአዲስ አበባን ነጋዴ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖራል። ያገባዋል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በቴክሳስና በሌሎችም ስቴቶች የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን መተዳደሪያቸው ነርስነት ነው። ከረዳት ነርስነት ጀምሮ፣ ማታ እየሠሩ ቀን እየተማሩ፣ የመንግሥቱን ፈተና አልፈው ባለ ሙሉ ፈቃድ ነርስ መሆን በዲቪ የሄደ ሰው የታወቀ መንገድ ነው። ከሪል ስቴት ሻጭ ጋር ውል የሚፈርመው፣ ለወንድሙ ሱቅ መነሻ የሚልከው፣ አክሲዮን የሚገዛውም አንዳንዱ ይኸው ሰው ነው። ስለዚህ የገንዘቡን ምንጭ ማወቅ ለሻጩም ለላኪውም ይበጃል።

ውሉ ምን ይመስላል

ተጓዥ ነርስ ማለት የአንድ ሆስፒታል ቋሚ ሠራተኛ ሳይሆን ኤጀንሲ ቀጥሮ ሰው ወዳነሰው ሆስፒታል ለአጭር ጊዜ የሚልከው ነርስ ነው። የተለመደው ውል 13 ሳምንት ነው። ሥራው በአብዛኛው በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት፣ በድምሩ 36 ሰዓት ነው። አጀማመሩን የሚተርኩ ሰዎች ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1978 በኒው ኦርሊያንስ ከተማ ከተከበረው የማርዲ ግራ በዓል ጋር ያያይዙታል፤ ለበዓሉ ሰው ሲጎርፍ ሆስፒታሎቹ ከውጭ ነርስ አስመጡ ይላሉ። ዛሬ ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው ኤ.ኤም.ኤን. ሄልዝኬር በሳንዲዬጎ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው።

ገበያውን ያሰፉት ሁለት ሕጎች ናቸው። አንደኛው የካሊፎርኒያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ በ2004 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕግ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ነርስ ከሁለት በሽተኛ በላይ እንዳይዝ ይከለክላል። ቋሚ ነርስ ሲቀር ሆስፒታሉ ምትክ ማግኘት ግዴታው ስለሆነ ኤጀንሲ ይደውላል። ሁለተኛው ስቴቶች የተፈራረሙት የሙያ ፈቃድ ስምምነት ሲሆን፣ በአዲስ መልክ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ነው። ከ40 በላይ ስቴቶችና ግዛቶች ገብተውበታል። ኗሪነቷ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የሆነና መስፈርቱን የምታሟላ ነርስ በአንድ ፈቃድ ቴክሳስም ፍሎሪዳም ልትሠራ ትችላለች። ካሊፎርኒያ ግን ስላልገባች እዚያ ለመሥራት ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ክፍያ፣ የሳምንታት ጥበቃ ያስፈልጋል።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ ኤጀንሲዎቹ ጀማሪ አይፈልጉም። በአንድ የሕክምና ዘርፍ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ፤ ምክንያታቸውም ግልጽ ነው። ቋሚ ነርስ ሲቀጠር ሳምንታት የሚፈጅ ማለማመጃ ይሰጠዋል፤ ተጓዡ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን መድኃኒት የት እንዳለ፣ ኮምፒዩተሩ እንዴት እንደሚከፈት ታይቶ በሦስተኛው ቀን በሽተኛ ይረከባል። አንዱ ክፍል ሰው ሲያንሰው ወደዚያ የሚላከው መጀመሪያ እሱ ነው። በበዓል ቀንና በሌሊት ፈረቃም ምርጫው ጠባብ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሆስፒታሉ በሽተኛ ሲያንሰው ውሉን ማቋረጡ ነው። ለሦስት ወር የተከራየችው ክፍል ኪራይ ግን አይቋረጥም። ልምድ ያላቸው ነርሶች ከመፈረማቸው በፊት በሳምንት የተረጋገጠ ሰዓት የሚል አንቀጽ መኖሩን የሚፈትሹት ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስችለው አንድ ነገር አለ፤ ነፃነት። ቋሚ ሠራተኛ ለፋሲካ አገሩ ለመግባት ፈቃድ ሲለምን ይኖራል። ተጓዥ ነርስ ውሉ ሲያልቅ ማንንም ሳይጠይቅ ሁለት ወር እናቱ ዘንድ ተቀምጦ ይመለሳል። በገንዘብ የማይተመን ጥቅም ነው ይባላል፤ ዋጋ ግን አለው፤ ወደ ኋላ እናየዋለን።

ለደላላው ስንት ይቀራል

ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ በምሳሌ እናስላው። አንድ ሆስፒታል ለአንድ ነርስ በሰዓት 95 ዶላር ይከፍላል እንበል። በ36 ሰዓት 3,420 ዶላር ይሆናል። ነርሷ በማስታወቂያ ላይ ያየችው 2,200 ነው። 260 ያህሉ አሠሪው ለሚከፍለው ግብርና ኢንሹራንስ ይውላል። የቀረው 960 ዶላር የኤጀንሲው ሲሆን ከዚያ ላይ የቢሮውንና የመልማዩን ወጪ ይሸፍናል። ነገሩን የሚያወሳስበው ትልልቅ ሆስፒታሎች ከብዙ ኤጀንሲ ጋር መነጋገር ስለሚሰለቻቸው ሥራውን በሙሉ ለአንድ ዋና ተቋራጭ መስጠታቸው ነው። እሱ ደግሞ ያልሞላውን ቦታ ለትናንሽ ኤጀንሲዎች ያከፋፍላል። ደላላ በደላላ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ እጅ የራሱን ይቆነጥራል።

በአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡ ኤጀንሲዎች ሒሳባቸውን ስለሚያሳትሙ መጠኑ ምስጢር አይደለም። ኤ.ኤም.ኤን. በ2022 እና በ2023 ለነርሶቹና ለሌሎች ሠራተኞቹ ከከፈለ በኋላ የቀረው ያልተጣራ ትርፍ ከገቢው ሲሦ ገደማ ነበር። ኩባንያው ከነርስ ውጭ ሌላ አገልግሎትም ስለሚሸጥ ይህ የነርስ ብቻ ህዳግ እንዳልሆነ መገንዘብ ይገባል። ያም ሆኖ ለአገራችን ደላላ ሁለት በመቶ ሲከፍል የሚያማርር ሰው ቢያስብበት አይከፋም።

የገቢው ጉዞ ደግሞ የገበያውን ጉዞ ያሳያል። ይኸው ኩባንያ በ2019 የነበረው ገቢ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ወረርሽኙ መጣና በ2022 ወደ 5.2 ቢሊዮን ዘለለ። በ2023 ወደ 3.8፣ በ2024 ደግሞ ወደ 3 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። በ2022 ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው አክሲዮኑ በ2025 አጋማሽ ከ25 ዶላር በታች ነበር።

ዋጋው ለምን ወረደ? ወረርሽኙ መብረዱና የፌዴራሉ መንግሥት ድጎማ ማብቃቱ ዋናው ነው። ሆስፒታሎቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ወደ 200 የሚጠጉ የምክር ቤት አባላት የኤጀንሲዎቹ ዋጋ እንዲመረመር ለዋይት ሐውስ ጽፈዋል። በፒትስበርግ የሚገኘው ዩ.ፒ.ኤም.ሲ. የተባለው ግዙፍ የሆስፒታሎች ድርጅት ደግሞ በዲሴምበር 2021 የራሱን የተጓዥ ነርስ ክፍል አቋቁሞ በሰዓት 85 ዶላር አቀረበ። ደላላውን አልፎ ከአምራቹ መግዛት የሚሉት ዓይነት ነው። በዚያው ዓመት 2022 ነርሶች በውል መሐል ክፍያችን ተቀነሰ ብለው በበርካታ ኤጀንሲዎች ላይ ክስ መሥርተዋል።

ውሎ አበሉና ግብሩ

አሁን ወደ 2,200 ዶላሩ እንመለስ። ይህ ገንዘብ በሙሉ ደመወዝ አይደለም። በምሳሌያችን 900ው በሰዓት 25 ዶላር የሚታሰብ ግብር የሚከፈልበት ደመወዝ ነው፤ የቀረው 1,300 የቤት ኪራይና የምግብ አበል ነው፤ ውሎ አበል በሉት። በአበሉ ላይ ግብር አይከፈልም። ነርሶችን የሚያማልለውም ይኸው ነው።

የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ግን አበሉን ከግብር ነፃ የሚያደርገው ሠራተኛዋ ከቤቷ ርቃ፣ ለጊዜው፣ ሁለት ቦታ የኑሮ ወጪ እየከፈለች ስትሠራ ነው። ቋሚ ቤት ይኑርሽ፤ ለሱም በእውነት ክፈዪ ነው ነገሩ። የአክስት ልጅ አድራሻ ሲልቨር ስፕሪንግ አስመዝግቦ አምስት ሳንቲም ኪራይ ሳይከፍሉ ከስቴት ስቴት መዞር አይጠቅምም። መርማሪ የመጣ ዕለት አበሉ በሙሉ ደመወዝ ሆኖ ግብሩ ከነወለዱና ከነቅጣቱ ይጠየቃል። በአንድ አካባቢ ከአንድ ዓመት በላይ እንደምትቆይ የታወቀ ነርስም ጊዜያዊ ሠራተኛ አትባልም። በእኛ ሰው ዘንድ ሻንጣና ወንበር ዘመድ ቤት አስቀምጦ መሄድ የተለመደ ስለሆነ ይህን ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል።

አበሉ የትርፍ ሰዓት ክፍያንም ይነካል። ትርፍ ሰዓት የሚታሰበው በ25ቱ ዶላር ላይ ብቻ ከሆነ ነርሷ ትጎዳለች። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 የዘጠነኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በኤ.ኤም.ኤን. እህት ኩባንያ ላይ በቀረበ ክስ፣ በሥራ ሰዓት ልክ እየተቆረጠ የሚከፈል አበል እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ በትርፍ ሰዓት ስሌት ይግባ ብሎ ወስኗል።

የዓመቱ ሒሳብ

በሳምንት 2,200 ያየች ነርስ በ52 ታባዛለች፤ 114,400 ዶላር። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በውልና በውል መሐል ጥበቃ አለ፤ አገር ቤት መግባት አለ። በዓመት 44 ሳምንት ሠራች እንበል፤ 96,800 ይሆናል። ያ በገንዘብ አይተመንም የተባለው ነፃነት ዋጋው ይኸው 17,600 ዶላር ነው። በሥራው ቦታ የምትከራየው ክፍል በወር 1,600 ቢሆን ለ10 ወር 16,000 ይወጣል። ለመንገድና ለፈቃድ 3,000 እንያዝ። የቀረው 77,800 ነው።

ጎረቤቷ ቋሚ ነርስ በሰዓት 42 ዶላር፣ በሳምንት 36 ሰዓት ብትሠራ፣ የዓመት ፈቃዷ ተከፍሎባት 78,624 ዶላር ታገኛለች። ዳር ለዳር ናቸው። በእርግጥ ቋሚዋ ግብር የምትከፍለው በጠቅላላው ላይ ሲሆን ተጓዥዋ የምትከፍለው በ39,600 ብቻ ስለሆነ ብዙ ሺህ ዶላር በእጇ ይቀራል። ይህን ጥቅም ማቃለል አይገባም። በዚህ በኩል ደግሞ ቋሚዋ አሠሪዋ የሚጨምርላት የጡረታ ቁጠባና የማይቋረጥ የጤና ኢንሹራንስ አላት።

ጡረታውን ለይተን እንየው። የአሜሪካ የመንግሥት ጡረታ የሚሰላው ግብር በተከፈለባቸው ከፍተኛ የ35 ዓመት ገቢዎች ነው፤ ያልተሠራበት ዓመት ዜሮ ሆኖ ይገባል። በ32 ዓመቱ አሜሪካ የገባ፣ በ38 ዓመቱ ነርስ የሆነ ወገን ቀድሞውኑ ዜሮዎች አሉበት። በሥራ ዘመኑ ደግሞ ከግማሽ በላይ ገቢውን አበል ካደረገው፣ ዛሬ ከግብር ያተረፈውን በ67 ዓመቱ ይመልሳል። ባንክም እንዲሁ ነው፤ ቤት ለመግዛት ብድር ሲጠየቅ ቋሚ ደመወዝን እንደሚያምን አበልን ለማመን ያመነታል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ጉዞው የሚያዋጣው ዕድሜው ለጋ ለሆነ፣ ልጅ ላላስከተለ፣ አንድ የተወሰነ ዕዳ ለመዝጋት ወይም ለሚቀጥለው ትምህርት ገንዘብ ለመያዝ ለወጣ ሰው ነው። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ የጎደለውን ጡረታ በራሱ ቆጥቦ፣ ወደ ቋሚ ሥራ ወይም ወደ ከፍተኛ ነርስነት ትምህርት የተመለሰ ያተርፋል። ዋጋው ሲወጣ ገብቶ ኑሮውን በዚያ ዋጋ የለካ ግን አየር በአየር ነግዷል።

ለአዲስ አበባ ሻጭና ገዢ

በ2022 በሳምንት 5 ሺህ ዶላር ያገኝ የነበረ ነርስ በ13 ሳምንት 65 ሺህ ዶላር በእጁ ያልፍ ነበር። በዚያ ሒሳብ አፓርታማ በቀብድ ይዞ ለሦስት ዓመት ክፍያ የፈረመ ሰው ዛሬ በ2,200 ዶላር፣ በ13 ሳምንት 28,600 ያገኛል። በጁላይ 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ውሉን በብር ለፈረመ ነርስ ይህ የወረደውን ገቢ አካክሶለታል። ዋጋው ከዶላር ጋር የተሳሰረ ውል የፈረመው ግን ማካካሻ የለውም፤ ዕዳው በዶላር እንደቆመ ገቢው ከግማሽ በታች ሆኗል። ለእንዲህ ዓይነቱ ገዢ የሚያሻሽጥ ደላላ ከቀብዱ መጠን በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ የክፍያው ወራት ከሥራ ውሉ ሳምንታት ጋር እንዴት ይገጥማል? ሻጩም ቢሆን የክፍያውን ጊዜ በየሦስት ወሩ ሳይሆን በየስድስት ወሩ ቢያደርገው በሁለት ውል መሐል ያለ ደመወዝ የሚያልፉት ሳምንታት በቅጣት ወለድ አይመቱበትም።