ቱቱ፦ እሳት የፈተነው ነጭ ቀሚስ

ስልካችሁን አውጡና «ስዋን ሌክ» ብላችሁ ፈልጉ። መጀመሪያ የሚመጣላችሁን ምስል ታውቁታላችሁ፤ በጣቷ ጫፍ የቆመች ቀጭን ሴት፣ ወገቧ ላይ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ነጭ ቀሚስ። ያ ቀሚስ ቱቱ ይባላል። ዛሬ የሕፃናት ልደት ላይ ሳይቀር ይለበሳል። ቆንጆ ነው፣ ቀላል ነው፣ ማንንም የሚጎዳ አይመስልም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ይህን ቀሚስ ለብሶ መድረክ ላይ መውጣት ጭድ ለብሶ ምድጃ አጠገብ እንደመጨፈር ነበር። እያጋነንኩ አይደለም፤ ታሪኩን ስትሰሙ ትፈርዳላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1700ዎቹ መጀመሪያ በፓሪስ ኦፔራ የሚደንሱ ሴቶች ልብሳቸው ከቤተ መንግሥት እመቤቶች ቀሚስ ብዙም አይለይም ነበር። ከባድ፣ ረጅም፣ እግር የሚሸፍን። ማሪ ካማርጎ የምትባለው ዳንሰኛ ሀብቷ ግን እግሯ ነው። አየር ላይ ሆና እግሮቿን ቶሎ ቶሎ እያጠላለፈች የምትዘልለውን ዝላይ ሰው ካላየላት ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ አድርጋ አሳጠረችው። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ናት፤ ያኔ ግን ጉድ አስብላለች።

ወደ ቱቱ የሚያደርሰን ምሽት የመጣው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ማርች 12 ቀን 1832። በዚያው በፓሪስ ኦፔራ «ላ ሲልፊድ» የተባለ ባሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ዳንሱን ያዘጋጀው ፊሊፖ ታልዮኒ ሲሆን ዋናዋ ተጫዋች ደግሞ የገዛ ልጁ ማሪ ናት። አባትየው ልጁን በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ያለማመዳት ነበር ይባላል፤ ርኅራኄ የሚባል ነገር አልነበረም። ታሪኩ ባጭሩ፣ አንድ ስኮትላንዳዊ ወጣት በሠርጉ ቀን ከአየር መንፈስ ፍቅር ይይዘዋል። መንፈስ ደግሞ ክብደት የላትም። ስለዚህ ማሪ በጣቶቿ ጫፍ እየቆመች፣ ወለሉን የማትነካ እየመሰለች ደነሰች። የለበሰችው ባቷ ላይ የሚቆም፣ ደወል የመሰለ ነጭ ቀሚስ ነበር። ጨርቁ እንደ ነጠላ የሳሳ የጥጥ ጨርቅና እንደ ሙሽራ ቬሎ ያለ መረብ ሆኖ፣ ተደራርቦ የተሰፋ ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ ባሌሪና የሚባል ሁሉ ይህን ልብስ ለበሰ።

ቱቱ የሚለው ስም የመጣው ዘግየት ብሎ ነው። አንዳንዶች ቱል ከሚለው የጨርቁ ስም ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ሕፃናት መቀመጫን የሚጠሩበት ቃል ነው ይላሉ። እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ፤ የኦፔራው መደበኛ ደንበኞች እነማን እንደነበሩና ዓይናቸው ወዴት ያይ እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ብዙም አይገርምም።

አሁን መብራቱን እንይ። ፓሪስ ኦፔራ ከ1822 ጀምሮ በጋዝ መብራት ነበር የሚሠራው። የኛ ቤት ነጭ ጋዝ አይደለም፤ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣና በቧንቧ የሚሄድ፣ ጫፉ ላይ ነበልባል ሆኖ የሚነድ ጋዝ ነው። ከፍና ዝቅ ሲያደርጉት ጨረቃ የወጣች ያስመስላል። ለመናፍስት ታሪክ ከዚህ የተሻለ ብርሃን አልነበረም፤ ነጩ ቀሚስም በዚያ ብርሃን ጉም ይመስል ነበር። ችግሩ ነበልባሉ በመድረኩ ፊትና በጎንና ጎን፣ ዳንሰኞቹ በሚያልፉበት መንገድ ላይ መሆኑ ነው።

ነጠላ ለብሰን ሻማ አጠገብ ስንቆም እናቶቻችን ለምን እንደሚቆጡን አስቡ። ስስ የጥጥ ጨርቅ ላይ እሳት ጊዜ አይፈጅም። ቀሚሱ ደግሞ ብዙ ድርብ ነው፤ በየድርቡ መካከል አየር አለ። ዳንሰኛዋ ስትሽከረከር ቀሚሷ ይነፋል፣ ወደ ነበልባሉ ይዘረጋል። ከተያያዘ ደግሞ ደንግጣ ትሮጣለች፤ ሩጫው እሳቱን ያራግበዋል። በ1844 ዲሴምበር ለንደን ድሩሪ ሌን ቲያትር ውስጥ ክላራ ዌብስተር የተባለች ወጣት ዳንሰኛ ተመልካች እያያት ቀሚሷ መድረክ ላይ ካለ መብራት ተያያዘ። ከቀናት በኋላ ሞተች። በ1861 ፊላዴልፊያ ውስጥ እሳቱ ከልብስ መቀየሪያ ክፍል ተነሥቶ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተላለፈ፤ ቢያንስ ስድስት ዳንሰኞች ሞቱ።

መፍትሔ አልነበረም እንዳትሉ። ፈረንሳይ ውስጥ ካርተሮን የተባለ ሰው ጨርቁን ኬሚካል ውስጥ ነክሮ እሳት እንዳይዘው የሚያደርግ ዘዴ ነበረው። በ1859 በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትእዛዝ የመድረክ ልብሶች በዚህ ዘዴ እንዲነከሩ ተደነገገ። ዳንሰኞቹ ግን እምቢ አሉ። የተነከረው ጨርቅ ይደርቃል፣ ነጭነቱን አጥቶ ቢጫ ቢጫ ይላል፣ እንደ ጉም መንሳፈፉ ይቀራል።

እምቢ ካሉት አንዷ ኤማ ሊቭሪ ነበረች። እናቷም የኦፔራው ዳንሰኛ ነበረች። ኤማ በ16 ዓመቷ፣ በ1858፣ በዚያው በ«ላ ሲልፊድ» መሪ ተጫዋች ሆና ብቅ ስትል ፓሪስ ጉድ አለች። ጡረታ ወጥታ የነበረችው ማሪ ታልዮኒ ወደ ፓሪስ ተመልሳ አስተማሪዋ ሆነች፤ በ1860 ደግሞ «ለ ፓፒዮን»፣ ማለትም «ቢራቢሮዋ» የተባለ ባሌት አዘጋጀችላት። በታሪኩ ውስጥ የቢራቢሮዋ ክንፍ በችቦ እሳት ይቃጠላል። ፊልም ላይ ብናየው «ይሄማ ደራሲው አበዛው» እንል ነበር።

በዚያው ዓመት ኤማ ለኦፔራው ኃላፊ ደብዳቤ ጻፈች፤ በተለመደው ቀሚሴ ነው የምደንሰው፣ ለሚደርስብኝም ኃላፊነቱን ራሴ እወስዳለሁ የሚል።

ኖቬምበር 15 ቀን 1862 የኦፔራ ልምምድ ላይ ነበረች። ከመድረኩ ጎን ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። ተራዋ ሲደርስ ተነሣችና የተጨማደደውን ቀሚሷን አራገፈች። አንዱ ድርብ የጋዙን ነበልባል ነካ። በእሳት ተውጣ መድረኩ ላይ ሮጠች፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ደርሶ እስኪያጠፋላት ድረስ ቀሚሱ አልቆ ነበር። ስምንት ወር አልጋ ላይ ተሠቃየች። ጁላይ 26 ቀን 1863 ሞተች፤ ገና 20 ዓመቷ ነበር። በሕመሟ ጊዜ ስለተነከረው ልብስ ሲጠይቋት፣ አደጋው እንደሚቀንስ ብታምንም ወደ መድረክ ብትመለስ እንኳ እንደማትለብሰው፣ በጣም እንደሚያስጠላ ተናግራለች ይባላል።

«ምን ዓይነት ሞኝነት ነው?» ማለት ይቀላል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ያልኩት ያንኑ ነው። ግን ቆም ብላችሁ አስቡት። የተቀጠረችው ክብደት የሌላት መንፈስ እንድትመስል ነው፤ የተነከረ ደረቅ ቀሚስ ለብሳ ያ አይሆንም። ቀሚሷ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የሥራ መሣሪያዋ ነው። ትኬት የቆረጠው ሕዝብ ያንን ጉም ፈልጎ ነው የመጣው። ፊርማውን የፈረመችው እሷ ናት፤ ምርጫው ግን የሷ ብቻ ነበር ለማለት እኔ አልደፍርም።

በመጨረሻ ነበልባሉን ከመድረክ ያስወጣው ኤሌክትሪክ ነው። በ1881 የለንደኑ ሳቮይ ቲያትር በኤሌክትሪክ አምፖል መብራት ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። በዚያው ሰሞን ቀሚሱም ወደ ላይ መውጣቱን ቀጠለ። ጣሊያናውያን ዳንሰኞች ከባድ ከባድ ሽክርክሪትና ዝላይ ይዘው መጡ፤ እንደ ካማርጎ ሁሉ ሥራቸው እንዲታይላቸው ፈለጉ። ከነሱ አንዷ ቨርጂኒያ ዙኪ በ1880ዎቹ ሩሲያ ውስጥ ባጠረ ቀሚስ ስትደንስ ብዙ አነጋግራለች። ሰፌድ የመሰለው ጠፍጣፋ ቱቱ ግን ከዚያም በኋላ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ነው። በ1895 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ «ስዋን ሌክ»ን የደነሰችው ፒየሪና ለኛኒ ፎቶዋን ብታዩ ቀሚሷ ወደ ጉልበቷ የሚወርድ ነው። ዛሬ በጭንቅላታችን ያለው ምስል ከባሌቱ ራሱ ያነሰ ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ጠፍጣፋው ቱቱ ዝርግ ሆኖ እንዲቆም ውስጡ የሽቦ ቀለበት ይገባበታል። ወንዱ ዳንሰኛ ወገቧን ሲይዛት ቀሚሱ በአንድ በኩል ይነሣል፤ ብዙ ዳንሰኞች አንድ ላይ ሲቆሙ ደግሞ እርስ በርስ ይጋጫል። በ1950 ባርባራ ካሪንስካ የተባለችው ልብስ ሠሪ ለኒው ዮርኩ ባላንሺን ሽቦ የሌለው፣ አጠር ያለና እንደ ፓውደር መቀቢያ ለስለስ ያለ ቱቱ ሠራች። ያም እስከ ዛሬ ይለበሳል። የዛሬው መረብ በአብዛኛው ናይለን ሲሆን በብዙ ድርብ፣ አሁንም በእጅ ይሰፋል። ድርቡ እንዳይተኛ ሲቀመጥ ተገልብጦ ይሰቀላል፤ ከመድረክ ጀርባ ብትገቡ እንደ ተዘቀዘቀ አበባ ተደርድሮ ታዩታላችሁ።

ከኤማ ሊቭሪ ልብስ የተረፉት የተቃጠሉ ቁርጥራጮች ደግሞ በፓሪስ ኦፔራ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ውስጥ እስከ ዛሬ ተቀምጠዋል።