ታሪክ የሚናገር ሥዕል

ታሪክ በቃል ይነገራል፤ በጽሕፈትም ይነበባል፤ በሥዕልም ይገለጣል። ነገር ግን አንድ ሥዕል አንዲትን ሰዓት ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ሠዓሊ ረዥም ታሪክ ሊናገር የፈለገ እንደ ሆነ ብዙ ሥዕሎችን በተርታ ይደረድራል፤ በየሥዕሉም ጥቂት ቃል ይጽፋል። እንዲህ ያለው ሥራ ዛሬ ኮሚክስ ይባላል።

በስዊስ አገር በዤኔቭ ከተማ ሮዶልፍ ቶፕፈር የሚባል መምህር ነበረ። የተወለደው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1799 ዓመት ነው። አባቱ ሠዓሊ ነበረ፤ ልጁም እንደ አባቱ ሊሆን ይመኝ ነበር፤ ነገር ግን ዓይኑ ስለ ታመመ ምኞቱ ቀረበት። እርሱም ትምህርት ቤት ከፍቶ እያስተማረ፥ ከ1827 ጀምሮ የሚያስቁ ታሪኮችን በቀላል መስመር ይሥል ነበር። ዝነኛው የጀርመን ባለቅኔ ጎተ በሽምግልናው አይቶ አመሰገነለት፤ ቶፕፈርም በ1830ዎቹ ዓመታት አሳተማቸው። በዚህ ሥራ ሥዕሉ ያለ ጽሕፈት፥ ጽሕፈቱም ያለ ሥዕል ሙሉ ትርጕም እንደማይሰጥ አስረዳ።

በኢትዮጵያም ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ ይሥሉታል። ሸራውን በመስመር ይከፋፍሉታል፤ ብዙ ጊዜም 44 ክፍል ያደርጉታል። ተመልካቹ እንደ መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ አንዱ ተርታ ሲያልቅም ወደ ታችኛው ይወርዳል።

ታሪኩ እንደሚለው ንግሥቲቱ ከንጉሥ ሰሎሞን ቤት ያለ ፈቃድ ምንም እንዳትወስድ ማለች። ንጉሡም ቅመም የበዛበት የሚያስጠማ ምግብ አቀረበላት። በሌሊት ተነሥታ ውኃ ልትጠጣ ስትል እጇን ያዛት፤ መሐላሽን አፈረስሽ አላት። ሠዓሊው በአንዱ ክፍል ማዕዱን፥ በሌላው ክፍል ውኃውን ይሥላል። ጥማቱ ግን በሁለቱ ክፍሎች መካከል ነው፤ እርሱን የሚሞላው የተመልካቹ ልብ ነው። ስለዚህ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ለሰነፍ የተሠራ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ዓይን ያየውን ልብ ካላገናኘው ታሪክ አይሆንምና።

ከዚህ ሁሉ የውኃውን ክፍል ብቻ ያየ ሰው፥ ንጉሡ ለተጠማ ውኃ የሚከለክል ንፉግ ነው ብሎ ይፈርዳል። መሐላውን ብቻ የሰማም፥ ንግሥቲቱ ቃሏን የማትጠብቅ ናት ብሎ ይፈርዳል። ከመጀመሪያው ጀምሮ በተርታ ያነበበ ግን መሐላውንም፥ የንጉሡንም ብልሃት፥ የንግሥቲቱንም ጥማት አንድ ላይ ያውቃል።

የሰውም ኑሮ እንዲሁ ባለ ብዙ ክፍል ነው። አንድ ልጅ ጓደኛው ሲያለቅስ ወይም ሲቈጣ ቢያይ፥ ያየው አንዱን ክፍል ብቻ ነው። ችኩል ልጅ ወዲያው ይፈርዳል፤ አስተዋይ ልጅ ግን የፊተኛውን ይጠይቃል፥ የኋለኛውንም ይጠብቃል።