ከመሬት የወጣ ብረት መጫወቻ አይደለም

ሲናና የስንዴ አገር ናት። ትራክተር መሬቷን በገለበጠ ቁጥር ግን የሚወጣው አፈርና ድንጋይ ብቻ አይደለም። ባሌ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የጣሊያንን ወረራ፣ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የገበሬዎችን አመፅ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የሶማሊያን ጦርነት ያየ ምድር ነው። የጦርነት ብረት እንደ ሰው ቶሎ አይረሳም።

ጡረታ ለወጡ አንድ መምህር ወዳጄ ልጃቸው ከውጭ አገር የብረት መፈለጊያ መሣሪያ አመጣችላቸው። ለነገሩ አዲስ ናቸው። «ሲስተር፣ ጣሊያን ሰፍሮበት ነበር የሚባለው ጉብታ ላይ አብረን እንውጣ» አሉኝ። «መጀመሪያ እዚሁ ግቢዎ ውስጥ ይለማመዱ» አልኳቸው።

የመሣሪያው ክብ ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የማግኔት ኃይል ይፈጥራል፤ ከሥሩ ብረት ካለ ይጮኻል። ለምስማርም ይጮኻል፣ ለቦምብም ይጮኻል። ብረት መኖሩን እንጂ መፈንዳት አለመፈንዳቱን አይናገርም።

ምስማር፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የማረሻ ስባሪ፣ በመጨረሻም አረንጓዴ ያወጣ ቀለህ አገኘን። መምህሩ በደስታ ሲያገላብጡት የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው «አባባ፣ እኔ ከዚህ የሚበልጥ አለኝ!» ብሎ ወደ ጭድ ቤቱ ሮጠ። ደርሼ እጁን ያዝኩት። «በጣትህ ብቻ አሳየኝ» አልኩት።

ጭዱ ሥር ክንፍ ያለው ጭራ ታየኝ። ቅምቡላ ነበር። ከብት ሲጠብቅ አግኝቶ ለቆራሌው ሊሸጠው ደብቆታል። ማንም አልነካውም። ቤተሰቡንም ጎረቤቱንም ከአካባቢው አርቀን ፖሊስ ጠራን፤ መጥተውም ወሰዱት። ጉብታው ላይ የመውጣቱ ነገር በዚያው ቀረ።

በነርስነት ዘመኔ ጥይት እሳት ውስጥ የጣሉ ልጆችን እጅ አሽጌአለሁ። ብዙ ወላጅ «የዛገ ነው፣ ሞቷል» ይላል። ዝገት የሚበላው ቆርቆሮውን ነው፤ ውስጡ ያለው ፈንጂ ለብዙ አሥርት ዓመታት ኃይሉን ይዞ ይቆያል። በቤልጂየምና በፈረንሳይ ገበሬዎች ከመቶ ዓመት በፊት የተተኮሱ ያልፈነዱ ከባድ መሣሪያ ጥይቶችን ዛሬም ከማሳቸው ያገኛሉ።

ስለዚህ ልጆቻችንን እንዲህ እናስተምር፦

• ያልታወቀ ብረት ሲያዩ አይንኩ፣ አይርገጡ፣ ድንጋይ አይወርውሩ፣ እሳት አያቅርቡ።
• በመጡበት ዱካ ይመለሱ፤ ቦታውን አስታውሰው ለትልቅ ሰው ይንገሩ።
• ትልቁም ሰው አያንሳው፤ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ያሳውቅ።
• ለተናገረ ልጅ ቁጣ ሳይሆን ምስጋና ይገባዋል። የሚቆጡት ልጅ ሁለተኛውን ይደብቃል።

አደጋ ከደረሰ ደሙን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ የተጎዳ ዓይን አትሹ፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ። ሌላም ያልፈነዳ ሊኖር ስለሚችል እየሮጣችሁ ወደ ቦታው አትግቡ።

ሕጉንም ማወቅ ደግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሰው የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ታሪኩን የሚፈልግ ልጅ ካለ፣ ብረቱ ሳይነካ አያቶች አሉለት። ማታ ከእራት በኋላ ስለዚያ ዘመን ያዩትን ይንገሩት፤ የሚጽፍበትም ደብተር ይግዙለት።