ሚዛን የማያውቀው ኪሎ

ከዱባይ ወይም ከጓንዡ ዕቃ በአየር የሚያስጭን ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኪሎው ስንት ነው?» ብሎ ነው። የትኛው ኪሎ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን እንውሰድ። የሕፃናት ልብስና አሻንጉሊት ስለሞላው ሚዛን ላይ 9 ኪሎ ብቻ ነው። ተቀባዩ ሠራተኛ ግን ሜትሩን ያወጣል። ሦስቱ ልኮች ሲባዙ 120,000 ይሆናሉ፤ በ6,000 ሲካፈል 20 ይወጣል። ክፍያው በሚበልጠው፣ ማለትም በ20 ኪሎ ይታሰባል። ቤት ድረስ የሚያደርሱት ፈጣን መልእክት ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ በ5,000 ስለሚያካፍሉ ያው ካርቶን እነሱ ዘንድ 24 ኪሎ ነው። ጎኑ ካበጠ ደግሞ የሚለካው ያበጠው ጋ ነው።

6,000 የሚለው ቁጥር ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላን 100 ቶን ገደማ ይሸከማል፤ ሆዱ የሚይዘው ከ600 ሜትር ኩብ ጥቂት ከፍ ይላል። ለአንድ ቶን 6 ሜትር ኩብ ያህል፣ ማለትም ለአንድ ኪሎ 6,000 ሳንቲ ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። ፍራሽ ብቻ ቢጭን ቦታው ሞልቶ አቅሙ ሳይሞላ ይነሣል። በዚህ እንኳ አየር መንገዶችን መውቀስ ይከብደኛል።

የኪሎው ዋጋ ደግሞ ጭነቱ 45፣ 100፣ 300፣ 500 ኪሎ ሲደርስ በየደረጃው ይቀንሳል። ለምሳሌ ከ45 ኪሎ ጀምሮ 3 ዶላር፣ ከ100 ጀምሮ 2.50 ቢሆን፣ 90 ኪሎ የጫነ ሰው 270 ዶላር ይከፍላል፤ እንደ 100 ኪሎ ከተያዘለት ግን 250። ደንቡ ይፈቅዳል፤ ካልጠየቁ ግን ማን ያስታውሳል?

የእኔ ቅሬታ በሂሳቡ ላይ ከኪሎው ዋጋ በታች በሚሰለፉት መስመሮች ላይ ነው፦ የነዳጅ ጭማሪ፣ የደህንነት ክፍያ፣ የሰነድ፣ የማውረጃና መጫኛ። አንዳንዱ አየር መንገድ የነዳጁን ጭማሪ በእውነተኛው ክብደት ያስባል፣ ሌላው በተሰላው። የኪሎውን ዋጋ አርክሶ በጭማሪው የሚያካክስም አለ።

ጭማሪው ሁልጊዜ የነዳጅ ገበያ ጉዳይ እንዳልነበረም በፍርድ ቤት ታይቷል። የአውሮፓ ኮሚሽን እንዳለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 መጨረሻ እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ አየር መንገዶች የነዳጅና የደህንነት ጭማሪን ተመካክረው ይቆርጡ ነበር፤ በጭማሪው ላይ ለጭነት አስተላላፊዎች ኮሚሽን ላለመክፈልም ተስማምተዋል። ከተስማሙት አንዱ የነበረው ሉፍታንዛ ምክክሩን ቀድሞ በማጋለጡ ከቅጣት ዳነ። በ2010 በሌሎች 11 ኩባንያዎች ላይ 800 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተጣለ፤ ውሳኔው ምክንያቱና መደምደሚያው ስላልተጣጣሙ በ2015 ተሻረ፣ በ2017 በ776 ሚሊዮን ዩሮ ታደሰ፣ በ2022 የአውሮፓ ኅብረት ጠቅላላ ፍርድ ቤት አብዛኛውን አጸናው። ገንዘቡ የሚገባው ወደ ኅብረቱ በጀት ነው። ተጨማሪውን ከኪሳቸው ያወጡት ጫኞች ካሳ የፈለጉ እንደሆነ አምስተርዳምና ለንደን ላይ በራሳቸው ጠበቃ መክሰስ ነበረባቸው።